በሦስት ሳምንት ትከተልሻለች

ኦስሎ፣ ግሮሩድ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ መኩሪያ፣
አሰላ

ከጌታ የሆነ ሰላም ከነቤትዎ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? እኔ ስሙ ይክበርና ደህና ነኝ። በስልክ መስማት አቅቶዎታል ብላ እህቴ ፋንታዬ ስለነገረችኝ፣ እንደ አባዬ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። በማጉያ መስታወት እንደሚያነቡ ስለማውቅ ፊደሌን አተልቄዋለሁ።

ሥራዬ ያው ነው። በኮሙኑ፣ በከተማው አስተዳደር ማለቴ ነው፣ ተቀጥሬ ከቤት ቤት እየዞርኩ አረጋውያንና ሕመምተኞችን እረዳለሁ። አጥባለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እዘምራለሁ። አባዬ ካረፈ እነሆ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የእርስዎን ነገር ሳስብ እሱ ይመጣብኛል።

አሁን የምነግርዎ ነገር ያስደስትዎታል ብዬ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ ፉሩሴት በሚባለው ሰፈር አንዲት የቬትናም ሴት ደርሰውኛል። ስማቸው ወይዘሮ ሆዋ ነው፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አልናብሩ ካለው የዕቃ መጋዘን ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ጡረታ በወጡ በዓመቱ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያዛቸው። አንድ ጠዋት ካልሲ ሳለብሳቸው ከየት ነሽ አሉኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና አንድ ኢትዮጵያዊ ዐውቃለሁ አሉ።

ከአገራቸው በጀልባ ሲሸሹ የኖርዌይ መርከብ ባሕር ላይ አንሥቷቸው፣ ወደዚህ እስኪመጡ አንዲት ደሴት ላይ ሰባት ወር ቆይተዋል። ስደተኞቹን ወደየአገሩ በሚያሻግረው መሥሪያ ቤት ውስጥ ቀጭን፣ ረጅም ኢትዮጵያዊ ነበር አሉ። ስሙን «ሚስተር ማኩሪያ» ብለው ሲጠሩት ካልሲውን እንደያዝኩ ቀረሁ። የእርስዎን የደሴት ሥራ አባዬ ስንት ጊዜ አውርቶልኛል! የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው አልኳቸው።

«በሕይወት አለ?» አሉኝ። አዎ ስላቸው፣ ያልሰሙኝ ይመስል ደግመው ጠየቁኝ።

አንድ የሰላምታ ቃል ቢጽፉላቸው በኖርዌይኛ መልሼ አነብላቸዋለሁ።

አክባሪዎ ልጅዎ
ታየች


አሰላ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለታየች

በባዕድ አገር ጠብቆ ያኖረሽ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። እኔ ከዕድሜዬ ጋር እየተሟገትሁ አለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ኅዳር መግቢያ ላይ ነው፤ መልሱን ያዘገየው ዓይኔ ነው።

የጻፍሽልኝን ሴት አላስታውሳትም። በዚያ ደሴት በእኔ ዘመን ያለፈው ሕዝብ አንድ ከተማ ይሞላል። የምናየው የስም ዝርዝርና የራጅ ውጤት ነበር፤ የሰው ፊት ለማየት ጊዜ አልነበረንም። ምናልባት ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባት ይሆናል። ስለዚህ በእኔ ስም ሰላምታ ማቅረቡ ቢቀር ይሻላል።

ለዓይኔ ግፊት የማደርገው ጠብታ እዚህ ጠፍቷል። ስሙን በወረቀቱ ጀርባ ገልብጬልሻለሁ። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ። ፋንታዬ ደህና ናት፤ በየሳምንቱ ብቅ እያለች ታየኛለች።

ሳልረሳው፤ ሴትዮዋ ስለ እህቷ ያነሣችልሽ ነገር አለ?

አባትሽ
መኩሪያ


ኦስሎ፣ ግሮሩድ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ መኩሪያ

የጸጋ ሁሉ አምላክ ያበርታዎ። ጠብታውን ለልደቱ ሰጥቼዋለሁ፤ አብሮኝ የሚዘምር ወንድም ነው፣ በዚህ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ይበራል። ለስድስት ወር ይበቃዎታል።

ጋሼ፣ እህት እንዳላቸው እኔ አልጻፍኩልዎትም ነበር።

ስለምረዳው ሰው ለማንም ማውራት ክልክል ነው። ስቀጠር የምስጢር ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ እዚህ ታውስሄትስፕሊክት ይሉታል። ለዘመድ ነው የምጽፈው እያልኩ ራሴን አታልዬ ነበር፤ ዛሬም እያታለልኩ ነው። ጥያቄዎን ይዤ ሄድኩና እህት አለዎት ወይ አልኳቸው። በግራ እጃቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ። ፎቶግራፉን ሁልጊዜ እወለውለዋለሁ፤ የእናታቸው ይመስለኝ ነበር። የታላቅ እህታቸው የሊየን ነው።

ሊየን የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ከደሴቲቱ ማዶ ሆስፒታል ገብታ ነበር። ወይዘሮ ሆዋ ያለ እህቴ አውሮፕላን አልሳፈርም ብለው ነበር። ያን ጊዜ ሚስተር ማኩሪያ «እህትሽ ድናለች፤ የቀረው ወረቀት ብቻ ነው፤ በሦስት ሳምንት ትከተልሻለች» አሏቸው። ፈርመው መጡ። ከአራት ወር በኋላ ሊየን ማረፏን የሚገልጽ ወረቀት በፖስታ ደረሳቸው።

ይህን ሲነግሩኝ ልጃቸው ናታሊ ከሥራ ገብታ ቆማ ትሰማ ነበር። በር ድረስ ሸኘችኝና «ያ ሰው እናቴን ዋሽቷታል። ያደግነው ይህን እየሰማን ነው» አለችኝ። እሳቸው አያውቁም ነበር፣ የተነገራቸውን ነው የተናገሩት ብዬ መለስኩላት።

አያውቁም ነበር አይደል?

ታየች


አሰላ
መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለታየች

ምሕረቱ አይለይሽ። ጠብታው ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህችን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃታለሁ።

ዐውቅ ነበር። ሴትዮዋንም አስታውሳታለሁ። አላስታውሳትም ማለቴ ውሸት ነው።

የደሴቲቱ ባለቤት የሆነው መንግሥት በስደተኛው ብዛት ተማሮ ነበር። ሰው ካልወጣ ሰው አይገባም አለ። ከየአገሩ የመጡ መልእክተኞች ዋና ከተማው ውስጥ ሆቴል ይዘው ቀን ከሌት ይደራደሩ ነበር፤ አንዱ መቶ ሰው እወስዳለሁ ይላል፣ ሌላው ጤነኛ ብቻ ይላል፣ ሌላው ዘመድ ያለው ብቻ ይላል። የኖርዌዩ ሰው መርከባችን ያነሣቸውን ሁሉ እንወስዳለን ብሎ ቃሉን ጠብቋል፤ ሊየንንም ስትድን እንወስዳለን ብሎ ጽፎ ሰጥቶኛል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ድርድሩ ወደ እኛ ሲወርድ ቁጥር ሆኖ ወረደ። በዚያ ሳምንት መቶ አርባ ሰው ከወጣ፣ ከወደቡ ወጣ ብላ ሁለት ቀን የቆመችው ጀልባ ሰዎቿን ታወርዳለች ተባለ። ዝርዝሩ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሆኖ ቀረ። የጎደለችው ሆዋ ናት።

በዚያው ጠዋት የሆስፒታሉ ሐኪም ስለ ሊየን ነግሮኝ ነበር። ሁለቱም ሳንባዋ አልቋል፣ ክረምቱን አትዘልቅም ብሎኛል። ከሰዓት በኋላ ሆዋን አስጠርቼ፣ አስተርጓሚውን በመካከላችን አስቀምጬ የነገርኋትን ታውቂዋለሽ። ቃል በቃል ነው የነገረችሽ።

ጀልባዋ በማግሥቱ ሰዎቿን አወረደች፤ ሰማንያ ሦስት ነፍስ። ይህን ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። ግን እውነቱን ለሆዋ ነግሬ በቦታዋ ሌላ ሰው መፈለግ እችል ነበር። የአንድ ቀን ሥራ ነው። አልፈለግሁም። ውሌ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ነበር፤ አገሬም መግባት የማልችልበት ዘመን ነው፤ አለቃዬ ዝርዝሩን በአሥራ አንድ ሰዓት ይጠብቅ ነበር። አገር የሌለኝ ሰው ተቀምጬ ለሰው አገር አድል ነበር፣ እንዳይነጥቁኝም እፈራ ነበር። እህቷን የመሰናበት መብቷን የወሰድሁባት ለዚህ ነው።

ከእንግዲህ ጠብታ አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ይህን ሁሉ ለሆዋ ንገሪያት። ይቅርታ አድርጊልኝ ብሏል አትበያት። ያደረግሁትን ብቻ ንገሪያት።

መኩሪያ


ኦስሎ፣ ግሮሩድ
ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ መኩሪያ

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

እንዳሉኝ ለወይዘሮ ሆዋ ሁሉንም ነገርኳቸው። በጥሞና አዳምጠው ከልባቸው ይቅር ብለውዎታል። ያለፈው አልፏል፣ እሱም በሰላም ይኑር ብለዋል። እንግዲህ ልብዎ ይረፍ። ጌታ የተሸከሙትን አንሥቶልዎታል። ጠብታውንም እንደገና እልካለሁ።

ታየች


አሰላ
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለታየች

ቸርነቱ አይራቅሽ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። እውነት ሲጻፍ ዝርዝር አለው። የት እንደተቀመጠች አልጻፍሽም። በመጀመሪያ ምን እንዳለች አልጻፍሽም። አለቀሰች ወይስ አላለቀሰች፣ ልጇ ነበረች ወይስ አልነበረችም፣ ምንም የለበትም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ዐውቃለሁ፤ ለአንቺ ጽፌልሻለሁና።

አባትሽ ሲደክም ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። ታየች የመኖሪያ ፈቃዷ አልወጣም፣ ከዚያ አገር ከወጣች መመለሻ የላትም፣ ስለዚህ አትስማ ተባለ። ጻፍ የተባልሁት እኔ ነኝ። «ተሽሎታል፤ ምግብ ጀምሯል፤ አትጨነቂ» ብዬ ስጽፍልሽ አባትሽ አጠገቤ ተኝቶ ያቃስት ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዐረፈ። የመረጡኝ ጽሕፈት ዐዋቂ ነው ብለው ነው፤ እጄ ለዚህ ነገር ቀደም ብሎ እንደለመደ ማንም አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልወቀስሽኝም። ያ ከወቀሳ የባሰ ከበደኝ።

ታዩ፣ አልነገርሻትም። አልተቆጣሁሽም። በምሕረት አስበሽ ያደረግሽው ነው፤ እኔም ያን ዕለት በምሕረት ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ግን ይህ ነገር ከእኔ ወደ አንቺ እንዲተላለፍ አልፈልግም። ከቻልሽ ንገሪያት። ካልቻልሽ አልቻልሁም ብለሽ ጻፊልኝ፤ እሱም ይበቃኛል።

መኩሪያ


ኦስሎ፣ ግሮሩድ
ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ መኩሪያ

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ይህን ጽፌ መልስዎን እስከማገኝ ድረስ ያኑርዎ።

አልነገርኳቸውም ነበር። በየጠዋቱ እየሄድኩ፣ ገላቸውን እያጠብኩ፣ ነገ እያልኩ ሁለት ወር አለፈ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ሥራ ቦታ ሄድኩና ለአለቃዬ የሕመምተኛ ምስጢር ለዘመድ እንደጻፍኩ ነገርኳት። ከባድ ነገር ነው አለችኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ከወይዘሮ ሆዋም ቤት ተነሣሁ። ለእሳቸውም ምስጢራቸውን እንዳወጣሁ ተነገራቸው። ልጠይቅዎ ልምጣ ብዬ መልእክት ስልክላቸው፣ እሑድ ነዪ አሉኝ።

ሳሎን፣ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ነበሩ። ናታሊ ሻይ አቀረበችና አብራን ተቀመጠች። የመጋቢቱን ደብዳቤ ወደ ኖርዌይኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ሐኪሙ ያለው ላይ ስደርስ ናታሊ ተነሥታ በረንዳ ላይ ወጣች። እሳቸው አላለቀሱም። ስጨርስ ልጃቸውን ጠርተው አስቀመጧትና፣ እሷን እንጂ እኔን ሳያዩ ተናገሩ።

«አስተርጓሚው የሱን ንግግር ወደ ቋንቋችን መለሰልኝ። በመጨረሻ ግን ከራሱ ጨመረ። ውሸት ነው፣ እህትሽ አትድንም፣ ከፈለግሽ ቆዪ አለኝ። ሚስተር ማኩሪያ ፊቴን ያይ ነበር፤ የተባልኩትን አልሰማም። እስክሪብቶውን አነሣሁና ፈረምኩ።»

ናታሊ ለምን አለቻቸው።

«ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር» አሉ። «ሳሏ ሰልችቶኝ ነበር። እሷ እስክትሞት ብጠብቅ በሩ ይዘጋብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ከዚያ በኋላ ለባላቸውም ለልጆቻቸውም ተታለልኩ ሲሉ ኖሩ። እርስዎ በዚያ ቤት አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲወገዙ እሳቸው እየሰሙ አላስተባበሉም። በሕይወት አለ ወይ ብለው ደጋግመው የጠየቁኝ፣ በሕይወት ካሉ ይቅርታ መጠየቅ ይኖርብኛል ብለው ፈርተው ነው። ሞቷል ብላቸው ይቀላቸው ነበር።

ጋሼ፣ እኔም የምነግርዎ አለኝ። አባዬ እስከዚያ ቀን ድረስ በራሱ እጅ ነበር የሚጽፍልኝ። ፖስታውን ከፍቼ የእርስዎን ጽሕፈት ሳይ፣ አንድ መስመር ሳላነብ ገብቶኛል። ፋንታዬ ጋ ደውዬ እውነቱን ንገሪኝ ማለት እችል ነበር። ከነገረችኝ ግን መምረጥ ሊኖርብኝ ነው፤ ወይ አባቴን፣ ወይ ፈቃዱን። ስለዚህ «ተሽሎታል» የሚለውን ቃል ይዤ ዝም አልኩ። ያልወቀስኩዎት ለዚህ ነው። ጨዋ ሆኜ አይደለም።

ወይዘሮ ሆዋ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብለዋል። ሊየን ስትሞት አብረው የነበሩት እርስዎ ይሆናሉ ብለው ያምናሉ። ዐውቄ እንደሄድኩ ሰምታለች ወይ? ረግማኛለች ወይ? ያለውን እንዳለ ይጻፍልኝ ብለዋል።

ታየች


አሰላ
መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለታየች

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። ስለ አባትሽ የጻፍሽልኝን አንብቤአለሁ። አንቺ ብታውቂም የጻፍሁት እኔ ነኝ። የአንቺን ድርሻ ከአንቺ አልወስድም፣ የእኔንም አልሰጥሽም።

ከዚህ በታች ያለውን ለሆዋ አንብቢላት።

ክብርት ወይዘሮ ሆዋ፣

አስተርጓሚው የነገረዎትን ዛሬ ነው የሰማሁት። ቀለለኝ ብል እዋሻለሁ። እርስዎ ዐውቀው መፈረምዎ የእኔን ቃል እውነት አያደርገውም።

አውሮፕላኑ በተነሣ በሦስተኛው ቀን በጀልባ ወደ ማዶ ተሻገርሁና ለሊየን እንደሄዱ ነገርኋት። ጥቂት እንግሊዝኛ ታውቅ ስለነበር አስተርጓሚ አልያዝሁም። «እንደማልድን ዐውቃ ነው የሄደችው» አለችኝ። አላወቀችም፣ ትከተልሻለች ብዬ ዋሽቻት ነው አልሁ። እውነቱን የነገርኋት መስሎኝ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰችና ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ወር ሰላምታዬን አልመለሰችም። የተቆጣችው እኔን ነበር።

ይቅር ብላዎታለች ብዬ ልጽፍ እጄ ሁለት ጊዜ ተነሣ። አላለችም። ይቅር የምትለው ነገር መኖሩን ሳታውቅ ሞተች። ይህ ያጽናናዎት ወይም ያሳዝንዎት አላውቅም፤ የሆነው ይህ ነው። እርግማንም ከአፏ አልሰማሁም።

በመጋቢት ወር፣ በአንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ዐረፈች። አንዲት ነርስና እኔ ነበርን። ከመሞቷ አንድ ቀን አስቀድሞ ጠርታኝ፣ ከሁለት ወር በኋላ መጀመሪያ የተናገረችኝ ይህን ነው። «ኖርዌይ ብርድ ነው ይላሉ። ለሆዋ ካፖርት ሰጥተዋት ይሆን?»

አላውቅም አልኋት። ጠይቅልኝ አለችኝ። እሺ አልሁ፤ አልጠየቅሁም። ከጠየቅሁ ሌላውንም መናገር ይኖርብኛል ብዬ ፈራሁ።

አሁን ጠየቅሁ።

መኩሪያ


ኦስሎ፣ ግሮሩድ
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ መኩሪያ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ ወደ ፉሩሴት ሄጄ አነበብኩላቸው። ናታሊ ደውላ ስትጠራኝ ድምጿ እንደ በፊቱ አልነበረም፤ ከእናቷ ጋር ለሳምንታት ሳይነጋገሩ ቆይተዋል። የዚያን ዕለት ግን መጥታ በእናቷ ግራ በኩል ተቀመጠች። «ዐውቃ ነው የሄደችው» የሚለው ላይ ስደርስ ወይዘሮ ሆዋ እንደገና አንብቢው አሉኝ። አነበብኩት። ሦስተኛ ጊዜም አስነበቡኝ። ከዚያ ቀጥዪ አሉ።

ጥያቄውን ስጨርስ ወረቀቱን አጥፌ ያዝኩ። ሕመሙ አንደበታቸውን ስለሚይዘው ቃል እየፈለጉ መስሎኝ ውሃ ላቀርብላቸው ተነሣሁ። በደህናው እጃቸው ያዙኝ።

«ያ» አሉ በኖርዌይኛ፤ አዎ ማለታቸው ነው። «አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሰጥተውኛል። ሰማያዊ ነበር፤ ከልኬ ይሰፋ ነበር። ጻፊለት።»

ይኸው ጻፍኩልዎ።

ታየች